ወለሉ በሚያሳይ ካያክ ላጉን ላይ መውጣት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ጃኬት (ከደሴና ከኮምቦልቻ ለምንሄድ)

ሐረጎ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም የመድረኩ ሰዎች፣ እንዴት ከረማችሁ። ከኮምቦልቻና ከደሴ ስምንት ሆነን ጥር መጨረሻ ላይ ለአምስት ቀን ዛንዚባር እንሄዳለን። ከፕሮግራሙ አንዱ በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ በኩል፣ ወለሉ እንደ መስታወት በሚያሳይ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ትንሽ ጀልባ) ከአስጎብኚ ጋር ላጉን ላይ መውጣት ነው። ከስምንታችን ዋና የሚችሉት ሁለት ብቻ ናቸው። የ62 ዓመት እናትና የ9 ዓመት ልጅም አብረውን አሉ። ወኪሉ የሰጠን ምርጫ «ጠዋት ወይስ ከሰዓት» የሚል ብቻ ነው።

ሰዓቱን በምን እንምረጥ? ዋና የማይችል ሰው ይውጣ ወይ? ጀልባውስ ምን ያህል ያስተማምናል? የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ጻፉልኝ።

---

ጦሳ ሥር

ወንድም ሐረጎ፣ መጀመሪያ ቀኑን ምረጥ፤ ሰዓቱ ከቀኑ በኋላ የሚመጣ ነው። ላጉን ማለት በባሕሩ ዳርና ከርቀት ማዕበሉን በሚሰብረው የኮራል ግድግዳ መካከል ያለው ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። የዛንዚባር ምሥራቅ ላጉን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙሌት እስከ ሙሌት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ፣ በየቀኑ ሙሌቱ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ልዩነቱ ቀላል አይምሰልህ፤ ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ ከ3 ሜትር በላይ ወጥቶ ይወርዳል። ያን ጊዜ በጉድለት ሰዓት ላጉኑ አሸዋና ድንጋይ ሆኖ ሰው በእግሩ ይሄድበታል፤ ካያክ የሚንሳፈፍበት ውሃ የለም።

ለእኛ አገር ሰው የሚቀለው መቁጠሪያ ሒጅራ፣ በጨረቃ የሚሄደው የእስልምና አቆጣጠር፣ ነው። ወሩ ከገባ ከ1 እስከ 3 ባለው ቀን እና ከ15 እስከ 17 ባለው ልዩነቱ ይከፋል፤ እነሱ በስዋሂሊ «ባምቩዋ» ይሉታል። ከ8 እስከ 10 እና ከ22 እስከ 24 ባለው ግን ውሃው ብዙም አይወጣም፣ ብዙም አይወርድም፤ ይህን «ማጂ ማፉ»፣ የሞተ ውሃ፣ ይሉታል። ስሙ ደስ ባይልም ለጀማሪ ከሱ የተሻለ የለም፤ የሚጎትት ወራጅ ውሃ አነስተኛ ነው፣ አሸዋም አይነሳም።

ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። በዚያ ዳርቻ በባምቩዋ ቀናት ሙሌቱ ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ይውላል፤ ስለዚህ ፀሐይ ከፍ በምትልበት ረፋድ ላይ ውሃው የለም። በማጂ ማፉ ቀናት ግን ሙሌቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ይመጣል። ፀሐይም ከፍታ፣ ውሃም ሞልቶ፣ ወራጁም ተኝቶ የሚገናኙት ያኔ ነው። እናንተ የምትደርሱበት ቀን በሒጅራ ስንት ላይ ይውላል?

---

ሐረጎ

ከ6 እስከ 10 ነው፤ አሁን ቆጠርኩት። ታዲያ የትኛው ቀን ይሻላል?

---

ጦሳ ሥር

8 ወይም 9። 10ኛውን መጠባበቂያ አድርጋችሁ ያዙት፤ አንዱን ቀን ዝናብ ወይም ነፋስ ቢወስደው ሌላ እንዲኖራችሁ። የመጨረሻውን ውሳኔ ግን በዚያ ሳምንት የሙሌት ሰንጠረዥ አረጋግጡ፤ እኔ የሰጠሁህ መነሻ ነው፣ ሰንጠረዡ ደቂቃውን ይሰጥሃል።

ሰንጠረዡ የሚነግርህ የሙሌቱንና የጉድለቱን ጫፍ ብቻ ነው፤ በመሀሉ ያለውን በአሥራ ሁለተኛ ክፍልፋይ አስላው። ስድስቱ ሰዓት እኩል አይሄድም። ልዩነቱ 3 ሜትር ከሆነ በመጀመሪያው ሰዓት 25 ሳንቲሜትር፣ በሁለተኛው 50፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 75፣ 75፣ በአምስተኛው 50፣ በስድስተኛው 25 ይወርዳል። ውሃው በጣም የሚሮጠው በመሀለኛው ሁለት ሰዓት ስለሆነ ያን ጊዜ በኮራሉ ግድግዳ ክፍተት አጠገብ መገኘት አያስፈልግም፤ የላጉኑ ውሃ በሙሉ ወደ ውቅያኖስ የሚወጣው በነዚያ ክፍተቶች ነው። ጥሩ አስጎብኚ ከሙሌቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ያስወጣል፣ ከሙሌቱ አንድ ሰዓት በኋላ ይመልሳል።

ስለ ነፋስ። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ የሚነፍሰው ከሰሜን ምሥራቅ ነው፣ ካስካዚ ይባላል። ከግንቦት እስከ መስከረም ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ ኩሲ ይመጣል፤ ምሥራቁን ዳርቻ አጥብቆ የሚያናውጠው ኩሲ ነው። በጥር መጨረሻ መሄዳችሁ መልካም ነው። ሆኖም ነፋሱ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ የረፋዱን ሰዓት አትልቀቁ። የውሃው ገጽ ከተሸበሸበ ብርሃኑ ይሰባበርና ከታች ያለው ሁሉ እንደ ጨርቅ ሲርገበገብ ታያለህ፣ ቅርጽ አይለይም።

አሁን ስለ ጥልቀቱ። በደንብ የሚታየው ከ1 ሜትር እስከ 3 ሜትር ባለው ነው። ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ብርሃን ስለሚታጠፍ 4 ሜትር ታች ያለው ነገር 3 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። ልጁ «ቅርብ ነው» ብሎ እጁን እንዳይሰድ ቀድማችሁ ንገሩት። ቀይ ቀለምም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይጠፋል፤ ወደ ታች በሄድክ ቁጥር ሁሉ ነገር ሰማያዊና አረንጓዴ ይሆናል።

---

የአራዳዋ

እኔ ስለ ጃኬቱና ስለ መውደቁ ልጻፍ፣ የተቀረውን ወንድሞቼ ይሙሉት።

ሐረጎ፣ ዋና የማይችል ሰው ይወጣል። ግን ጃኬቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር መታየት አለበት። ኒውተን ጃኬቱ ሰውን ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል መለኪያ ነው። 50 ኒውተን የሚል ጃኬት ዋና ለሚችል ሰው የተሠራ መንሳፈፊያ ነው፤ ራሱን የሳተ ሰው ፊት ወደ ላይ አይገለብጥም። ዋና ለማይችል 100 ኒውተን ያስፈልጋል። ብዙ የካያክ ቦታዎች ለመቅዘፍ ስለሚመች 50ውን ብቻ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ «ላይፍ ጃኬት አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ስድስት ባለ 100 ኒውተን፣ አንዱ የልጅ» ብላችሁ ጠይቁ። የልጁ ጃኬት በክብደቱ የሚመረጥ ሲሆን በእግሮቹ መሀል የሚያልፍ ማሰሪያ ሊኖረው ይገባል፤ ያለሱ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ በሥሩ ሾልኮ ይቀራል።

ሲለበስ ዘለበቶቹን ሁሉ ቆልፉ፣ ከታች ወደ ላይ አጥብቁ። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጃኬቱን በሁለት ትከሻ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጭንና ጆሮን ካለፈ ትልቅ ነው፣ ቀይሩ። እናትየዋ «ጠበበኝ» ብለው እንዲላላላቸው ሲጠይቁ እሺ አትበሏቸው፤ በልካቸው ሌላ ጃኬት ፈልጉላቸው እንጂ።

ይህ ካያክ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ በቀላሉ አይገለበጥም። የሚገለብጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ቆሞ ፎቶ መነሳት፣ ሁለቱም ተቀማጮች በአንድ ጎን ዓሣ ለማየት ማዘንበል፣ እና ሲገቡና ሲወጡ ዳሩን መርገጥ። አገባቡ እንዲህ ነው። ውሃው ጉልበት ድረስ ባለበት ቦታ አስጎብኚው ካያኩን ይይዛል፤ ጀርባ ሰጥታችሁ መቀመጫው ላይ ቁጭ ትላላችሁ፤ እግር መጨረሻ ይገባል። እግር ቀድሞ ከገባ ክብደቱ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ይወድቅና ጀልባው ይሸሻል።

ቢገለበጥስ? ይህ ላዩ ክፍት ነው፣ እግር የሚይዝ ነገር የለም፤ ሰው በራሱ ይወጣል። መጀመሪያ ጀልባውን ያዙ፣ ቀጥሎ ጓደኛችሁን ቁጠሩ፣ ከዚያ ፊሽካ። ወደ ዳር ለመድረስ ጀልባውን ጥሎ መሄድ ክልክል ነው። አስጎብኚው የተገለበጠውን ካያክ አፍንጫ በራሱ ጀልባ ላይ አግድም ይስበዋል፣ ውሃው ይፈሳል፣ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ጎን ለጎን አስጠግቶ ይይዝላችኋል። እናንተ በተራ፣ አንድ አንድ እያላችሁ፣ እግራችሁን እያወራጫችሁ በሆድ ትወጣላችሁ። አስጎብኚው ይህን ከመውጣታችሁ በፊት ጥልቀት በሌለው ውሃ አንድ ጊዜ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ዋና ለማይችል ሰው ፍርሃቱ ግማሽ የሚቀልለው ያኔ ነው።

አንድ አስጎብኚ ከአራት ካያክ በላይ እንዲይዝ አልመክርም። ስምንት ሰው አራት ካያክ ነው፣ ልክ ነው። ልጁ ከጠንካራው ዋናተኛ ጋር ከፊት፣ እናትየዋ ከሁለተኛው ዋናተኛ ጋር ከፊት።

---

ቦርከና ማሽን

ስለ ዕቃው ልጨምር። ሰው «መስታወት» ይለዋል እንጂ ፖሊካርቦኔት ነው፤ ለፋብሪካ ማሽን መከለያ የምንጠቀምበት ያው ፕላስቲክ። ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲሜትር ገደማ፣ ዙሪያው በአሉሚኒየም ቧንቧ የተከበበ፣ ለሁለት ሰው የሚሆነው ርዝመቱ 3 ሜትር ከ30 አካባቢ፣ ክብደቱ ከ20 እስከ 25 ኪሎ። በመዶሻ ቢመታ አይሰበርም። ሁለት ጠላት ግን አለው፦ አሸዋ እና ኬሚካል።

አሸዋው ይጭረዋል፤ የተጫረ ወለል ደግሞ ከታች ያለውን አያሳይም። ስትደርሱ መጀመሪያ ወለሉን በፀሐይ አግድም ተመልከቱ። ጭጋግ የመሰለ ነገር ከመቀመጫው ፊት ካለ ሌላ ጠይቁ፤ እዚያ ነው ዓይናችሁ የሚያርፈው። ከመግባታችሁ በፊት እግራችሁን ውሃው ውስጥ አራግፉ። የጂንስ ሪቬት፣ የቀበቶ ዘለበት፣ ቁልፍ ይዞ መቀመጥ አይሆንም።

ኬሚካሉ የትንኝ መከላከያ ነው። ዲኢኢቲ ያለበት ቅባት ፖሊካርቦኔትን ያለሰልሰዋል፣ ያደበዝዘዋል፣ በብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያስጀምራል። ዛንዚባር የወባ ትንኝ ስላለ ሰው ቅባቱን ይዞ መሄዱ ትክክል ነው፤ ግን ለምሽቱ ተዉት። ከካያኩ በፊት የተቀባ እጅ በሳሙና ይታጠብ። አሴቶንም እንደዚያው ነው።

የሚፈተሹት ነገሮች እነዚህ ናቸው። ብሎኖቹ ላይ የጎማ ማሸጊያ መኖሩን፤ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ አለመኖሩን፤ የውሃ ማስወጫው ቡሽ መዘጋቱን፤ እና ከሁሉ በላይ በፊትና በኋላ ጫፍ ያሉት የአየር ከረጢቶች መነፋታቸውን። ፖሊካርቦኔት ከውሃ ይከብዳል፣ 1 ለ 1.2 ነው፤ ያለ ከረጢቱ ውሃ የገባበት ጀልባ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ከረጢቱን በጣታችሁ ጫኑት፤ ጠንክሮ ካልመለሰ አልተነፋም።

በጎኑ የተለጠፈውን ጭነት አንብቡ። አብዛኛው 180 ወይም 200 ኪሎ ይላል። ያ ጫፉ ነው፤ የሁለቱ ሰው ድምር ከአራት አምስተኛው ባያልፍ ይሻላል። 200 ለሚለው 160 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ሲያልፍ ጎኑ ወደ ውሃው ይወርድና ትንሿ ሞገድ ሁሉ ትገባለች።

---

ፒያሳ ላይ

የጎን ተንሳፋፊ፣ ማለትም በሁለት በኩል የሚገጠመው እንደ ክንፍ ያለ፣ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? አንዳንዱ አስጎብኚ ያስገጥማል፣ አንዳንዱ አያስገጥምም።

---

ቦርከና ማሽን

ዋና ለማይችሉት ይገጠምላቸው ባይ ነኝ። መገልበጥን የማይመስል ነገር ያደርገዋል።

---

የአራዳዋ

እኔ በከፊል ነው የምስማማው። ኮራል በበዛበት ላጉን ተንሳፋፊው ከጎን ወጥቶ ኮራሉን ይመታል፣ የጎረቤትን መቅዘፊያም ይይዛል፤ ካያክ ከካያክ አስጠግቶ ሰውን ለመርዳትም ያስቸግራል። ለእናትየዋ ካያክ ይገጠም፣ ለልጁም ይገጠም። ለሌሎቹ ሁለቱ ባይገጠም እመርጣለሁ።

---

ሐረጎ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ እንደ የአራዳዋ አደርጋለሁ። አቀዛዘፉንስ?

---

ጦሳ ሥር

መቅዘፊያውን አናትህ ላይ አግድም አድርገህ ያዝ፤ ክርንህ ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲሠራ እጅህ ያለበት ቦታ መያዣህ ነው። ምላጩን ከእግርህ አጠገብ አስገባ፣ ከወገብህ ዙር፣ ዳሌህ ጋ ሲደርስ አውጣ። በክንድ ብቻ የሚቀዝፍ ሰው በ20 ደቂቃ ይዝላል። የፊተኛው ምት ይሰጣል፣ የኋለኛው ይከተላል፣ አቅጣጫውንም የኋለኛው ነው የሚይዘው። ወደ ግራ ለመዞር በቀኝ በኩል ሰፊ ግማሽ ክብ መጥረግ፤ ለማቆም ምላጩን ወደ ኋላ አስገብቶ መያዝ። ከበድ የሚለው ሰው ከኋላ ይሁን፤ አፍንጫው ከጠለቀ ጀልባው ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ከታች መስመር የሚያስይዝ ሸንተረር ስለሌለው ነፋስ በቀላሉ ያዞረዋል። ስለዚህ ስትወጡ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብላችሁ ውጡ፣ ስትመለሱ ይግፋችሁ። ከዳር ወደ ውቅያኖስ የሚነፍስ ቀን ከሆነ ግን አትውጡ፤ ባሕሩ ዳር ላይ ጸጥ ያለ መስሎ ያታልላል።

በዚያው ላጉን ሴቶች የባሕር አረም ያለማሉ። ችካል ተተክሎ፣ ገመድ ተወጥሮ፣ አረሙ በገመዱ ላይ ታስሮ ታዩታላችሁ። የሰው እርሻ ነው፣ በላዩ አትለፉ፤ መቅዘፊያ ገመዱን ከበጠሰ የአንድ ሰው ሥራ ይሄዳል። ወለሉ የሚያሳይ ስለሆነ ቀድሞ ይታያችኋል፣ ዙሩት።

---

ቧንቧ ውሃ

የኔ ጥያቄ ስለ ልብስ ነው። እኔና እህቴ ሒጃብ እንለብሳለን። ፎቶ ደግሞ በወለሉ በኩል ማንሳት እንፈልጋለን፤ የምናየው ምስል ሁሉ የራሳችን ጉልበት ነጸብራቅ ይሆናል ይባላል። እውነት ነው?

---

የአራዳዋ

አብሽሪ እህቴ፣ ልብሱ አያስቸግርም። ቶሎ የሚደርቅ ቀጭን ጨርቅ ይሁን፤ ጥጥ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ሻሹ አጠር ብሎ በጃኬቱ ሥር ይግባ፣ ጫፉ ወደ ኋላ አይንጠልጠል። የብረት መርፌ ተዪው፣ የላስቲክ ማያያዣ ይሻላል። ረጅም ቀሚስ ከሆነ በሥሩ ሱሪ ይኑር፤ ውሃ ውስጥ ብትወድቂ ቀሚሱ እግር ለእግር ይጠመጠማል። ጫማው ደግሞ ሶል ያለውና የሚታሰር ይሁን፤ በባዶ እግር አትግቡ፣ አሸዋው ላይ የባሕር ጃርት ብዙ ነው። እሾሁ ከወጋ እግሩን ሰው በሚችለው ሙቅ ውሃ፣ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ባለው፣ ከ30 ደቂቃ በላይ መንከር ሕመሙን ያበርዳል። ሙቀቱን ያልተወጋ ሰው በእጁ ይለካው። የተወጋው እግር ስለሚደነዝዝ መቃጠሉን አይለይም።

---

ቦርከና ማሽን

ነጸብራቁ እውነት ነው። መንስኤው ነጭ ልብስ ነው። ከላይ የመጣው ብርሃን ከነጭ ልብስ ላይ ነጥሮ ወለሉ ላይ ያርፋል፣ ከታች ከሚመጣው ደካማ ብርሃን ይበልጣል። ጥቁር ወይም ሰማያዊ ደማቅ ያልሆነ ሱሪ ልበሱ። ፎቶ ሲነሳ የስልኩን ሌንስ ወለሉ ላይ ልጥፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ በሌንሱና በወለሉ መካከል ክፍተት ከሌለ ነጸብራቅ የሚገባበት የለም። ጥቁር ፎጣ ይዛችሁ ጉልበታችሁና ወለሉ ላይ ብትዘረጉት፣ አንገታችሁን በሥሩ አስገብታችሁ ስታዩ፣ ልክ የጨለማ ክፍል መስኮት እንደማየት ነው፤ የዓሣው ክንፍ ላይ ያለው መስመር ሳይቀር ይቆጠራል።

ሌላው ከመቅዘፊያው ዘንግ ላይ የሚወርደው ጠብታ ነው። ወለሉ ላይ ወድቆ ጨው ሆኖ ይደርቅና ያነጫጨዋል። ዘንጉ ላይ ያለውን የጎማ ቀለበት ወደ ምላጩ አስጠጉት፣ ትንሽ ስፖንጅም ያዙ። በፎጣ ደረቅ አድርጎ መፈተግ ግን አይሆንም፤ ጨውና አሸዋ እየፈተጋችሁ ነው። ውሃ አፍስሱበት፣ በስፖንጅ ምጠጡት።

ፖላራይዝድ መነጽር፣ ነጸብራቅ የሚቀንሰው፣ ወደ ፊት ለማየት መልካም ነው። ወደ ወለሉ ስታዩ ግን አውልቁት፤ በፖሊካርቦኔቱ ውስጥ ያለው ውጥረት ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም አድርጎ ሊያሳያችሁ ይችላል።

---

ፒያሳ ላይ

የፀሐይ መከላከያ ቅባቱስ? ደሴ ላይ ሆነን ቆዳችን ፀሐይ የለመደ ይመስለናል።

---

ጦሳ ሥር

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም፤ ግን እዚህ ቅዝቃዜውም ልብሱም ይሸፍነናል። እዚያ የሚቃጠለው የጭናችሁ ላይና የእግራችሁ ጣት ጀርባ ነው፤ ሰዓቱን ሙሉ ወደ ላይ ተዘርግቶ ስለሚቀመጥ። ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ከቅባት ይበልጣል። ቅባት ካስፈለገ ዚንክ ኦክሳይድ የሚለውን ምረጡ። ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያለባቸውን ሃዋይ በ2018 ሕግ አውጥታ ከ2021 ጀምሮ ሽያጫቸውን ከልክላለች፣ የፓስፊክ ደሴት አገር ፓላውም በ2020 ከልክላለች፤ ምክንያቱ ኮራሉን ይጎዳሉ መባሉ ነው።

ከቤት ሳትወጡ ሁለት ነገር። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ይጠየቃል፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ዛንዚባር ደግሞ ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የራሷን የጉዞ መድን ግዴታ አድርጋለች፣ ሲጀመር ለአዋቂ 44 ዶላር ነው የተቆረጠው።

---

ሐይቅ ዳር

ከክሩ ትንሽ ልውጣ፣ ይፈቀድልኝ። እዚህ ሐይቅ ላይ ወጣቶች ተደራጅተው እንዲህ ያለ ካያክ እናምጣ እያሉ ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ጎብኚ አለ፣ የእስጢፋኖስ ገዳምም አለ። ያዋጣል ትላላችሁ?

---

ጦሳ ሥር

መውጣት የለብህም፣ ጉዳዩ ያው ነው። ጥያቄው «ከታች ምን ይታያል?» የሚለው ነው።

የሐይቅ ውሃ ከላጉን በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ኖሮት ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ከዳር ብዙ ሳትርቅ ወለሉ ይሰወራል። ሁለተኛ፣ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ይገባለታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለም፤ የገባው አፈርና ማዳበሪያ እዚያው ይቀራል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለው ዓሣ ከተጨመረበት ወዲህ ደግሞ አልጌው በዝቶ ውሃው ከቀድሞው ጥራት መቀነሱ ተመዝግቧል። ኮራል የለም፣ ነጭ አሸዋ የለም። በአረንጓዴ ውሃ ላይ የሚያሳይ ወለል አረንጓዴ ነው የሚያሳየው።

ግን በግምት አትተዉት፣ ለኩት። ሴኪ ዲስክ የሚባል የውሃ ጥራት መለኪያ አለ፤ እዚያው የምትሠሩት ነው።

---

ቦርከና ማሽን

አሠራሩን እኔ ልስጥ። 20 ሳንቲሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ላሜራ ቁረጡ። አራት እኩል ከፍላችሁ ሁለቱን ነጭ፣ ሁለቱን ጥቁር በማያብለጨልጭ ቀለም ቀቡ፣ ተመሳሳዩ ፊት ለፊት ይሁን። መሀሉን በስታችሁ ገመድ እሰሩበት፣ ከሥሩ አንድ ኪሎ የሚሆን ብረት አንጠልጥሉ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ። ገመዱ የማይለጠጥ ይሁን፣ በየ10 ሳንቲሜትሩ ምልክት ይደረግበት።

ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው፣ በጀልባው ጥላ በኩል አውርዱት። የጠፋበትን ርዝመት ያዙ፣ ትንሽ አውርዳችሁ መልሳችሁ ስትስቡ የታየበትን ያዙ፣ የሁለቱ አማካይ መልሳችሁ ነው። የፀሐይ መነጽር ያደረገ ሰው አውልቆ ይለካ።

---

ጦሳ ሥር

ነጭ ዲስክ ጎልቶ ይታያል፤ ጭቃና ሣር ግን አይጎላም። ስለዚህ ነገር የሚለየው በግምት በዲስኩ ልክ ግማሽ ጥልቀት ድረስ ነው ብላችሁ ያዙ። ዲስኩ 2 ሜትር ላይ ከጠፋ ከ1 ሜትር በታች ያለውን ለጎብኚ አትሽጡ። በወር ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱንም በጋውንም ጨምራችሁ፣ ሁልጊዜ በነዚያው አራት ቦታዎች ለኩ፤ ነሐሴ ላይ ጎርፍ የሚገባበት ዳር ከጥር ጋር አንድ አይሆንም። አርዲቦንም ለኩ። ቁጥሩ ካልተመቸ ተራ ካያክ ይዛችሁ ወፍና ገዳሙን ከሩቅ ማሳየት ይሻላችኋል፤ ዋጋውም ያንሳል፣ ጭረቱም አያሳስብም። የዓሣ አጥማጆቹ መረብ የሚዘረጋበትን ቦታና ሰዓት ከራሳቸው ከአጥማጆቹ ጋር ሳትነጋገሩ ግን ምንም አትጀምሩ።

---

ሐይቅ ዳር

እግዜር ይስጥልኝ። ላሜራውን ዛሬውኑ አስቆርጣለሁ፣ ቁጥሩን እዚሁ እለጥፋለሁ።

---

ሐረጎ

ለወኪሉ የምልከውን እንዲህ ጻፍኩት፣ እዩልኝ፦

«በሒጅራ 8 ወይም 9 ቀን፣ ከሙሌቱ አንድ ሰዓት ቀድመን እንውጣ፣ 10ኛው መጠባበቂያ ይሁን። አራት የሁለት ሰው ካያክ፣ ሁለቱ የጎን ተንሳፋፊ የተገጠመላቸው። ስድስት ባለ 100 ኒውተን ጃኬት፣ ከነሱ አንዱ ለ9 ዓመት ልጅ፣ በእግር መሀል የሚታሰር፤ ለሁለቱ ዋናተኞች ባለ 50 ይበቃል። ፊሽካ ለሁሉም። የአየር ከረጢቶቹን ራሳችን እንፈትሻለን። ከመውጣታችን በፊት መልሶ መውጣትን በጥልቀት አልባ ውሃ አሳዩን። የነፋሱ አቅጣጫ ከዳር ወደ ባሕር ከሆነ ቀኑ ይዛወር፣ ገንዘቡ አይቆረጥብን። መነሻ ሰዓት 4።»

---

ጦሳ ሥር

የልጁን ክብደት በኪሎ ጨምርበት፣ ጃኬቱ በዕድሜ አይመረጥም። የሒጅራውንም ቀን በፈረንጅ ቀን ተርጉመህ አብረህ ጻፍ። «መነሻ ሰዓት 4» የሚለውን ደግሞ አስተካክለው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጥሩት፣ የኛ ጠዋት 4 ሰዓት የነሱም «ሳ ንኔ አሱቡሂ» ነው። ወኪሉ ግን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ 10 ሰዓት ይለዋል። አንተ 4 ብለህ ብትልክለት ከሰዓት በኋላ ያለውን 10 ሰዓት መስሎት ጀልባውን ያኔ ያዘጋጅልሃል፤ በማጂ ማፉ ቀን ደግሞ ያ ሰዓት የጉድለቱ ነው። «ከጠዋቱ 10 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሳ ንኔ አሱቡሂ» ብለህ ሁለቱንም ጻፍ።

---

ሐረጎ

አስተካክዬ ላክሁት። የልጁ ኪሎ 27 ነው።